አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእርስዎ

የመጀመሪያ ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ሳይሆን ፎቶ መቁረጥ ነበር። ማትሪክ አልመጣልኝ ብሎ ቤት ስቀመጥ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ አንድ ፎቶ ቤት ቀጠረኝ። ታጥበው የደረቁትን ጉርድ ፎቶዎች በመቀስ እየለየሁ በትንንሽ ፖስታ እከትና በጀርባው የባለቤቱን ስም እጽፋለሁ። መታወቂያ የሚያወጣ፣ ለፈተና የሚመዘገብ፣ ለሥራ የሚያመለክት ሁሉ በእጄ ያልፋል። ከመንዝ፣ ከሞረት፣ ከአንኮበር የሚመጡት ገበሬዎች ካሜራው ፊት ሲቀመጡ ትንፋሻቸውን ውጠው ግትር ይላሉ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ሁሉን ካስተካከሉ በኋላ ቀና ብለው «ለመሆኑ ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ አልመታባችሁም?» ይላሉ። ሰውየው ሊመልስ አፉን ከፈት ሲያደርግ ፊቱ ይፈታል፤ ጋሼ የሚያነሱት ያን ጊዜ ነው። እኔም እስከ ዛሬ የምሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ከፎቶ ቤቱ ያስወጣኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ገጠር ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የሟቹን የቀበሌ መታወቂያ ይዞ ይመጣ ነበር። «ይችን አሳድጉልን፣ ለለቅሶ ነው።» ጉርዷን እንደገና አንስተን እናሳድጋለን። ሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር የነበረች ፊት ግድግዳ ለመያዝ ስትለጠጥ ዐይንና አፍንጫው ይደበዝዛል። ማኅተሙ ግን አይደበዝዝም። የቀበሌው ማኅተም ግማሽ ክቡ ትከሻ ላይ፣ አንዳንዴም ጉንጭ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ስድሳና ሰባ ዓመት የኖረ፣ ያረሰ፣ ልጅ የዳረ ሰው ትቶት የሄደው ምስል ይኸው ብቻ ነው። አንድ ቀን አንድ ወጣት የአባቱን ፎቶ ሊወስድ መጥቶ ብዙ ቆሞ አየውና «ማኅተሙን ማጥፋት አይቻልም?» አለኝ። አይቻልም ነበር፤ ያኔ ኮምፒውተር የለንም። ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ በደጁ ወይም በማሳው ላይ ሆኖ የሚያነሳው ሰው እንዴት ጠፋ? ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም።

አሁን የምሠራው ሥራ፣ የሰውን ኑሮ እንዳለ በፎቶ መመዝገብ፣ ዶክመንተሪ ፎቶግራፍ እንደሚባል ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በቅርቡ ካሜራ የገዙ ወጣቶች እየመጡ ምን ዓይነት ሌንስ ልግዛ፣ ይህ ሥራ ያበላል ወይ፣ ሰው እንዴት እሺ ይላል ብለው ይጠይቁኛል። ስለ ሌንሱ መልሴ አጭር ነው፤ ርካሿ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ትበቃለች፣ እኔ ስምንት ዓመት በእሷ ብቻ ሠርቻለሁ። ስለ ሌላው ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

የመጀመሪያው የረጅም ጊዜ ሥራዬ የኩበት ሴቶች ናቸው። የእኛን ደጋ የማያውቅ ሰው ኩበት ምን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ አይገባውም። ዛፉ ካለቀ ዘመን የለውም፤ ባሕር ዛፉም ለሽያጭ እንጂ ለምድጃ አይተርፍም። ገብሱ የሚቆላው፣ እንጀራው የሚጋገረው በኩበት ነው። ሴቶቹ ማለዳ ውርጩ ሳይለቅ በረት ይጠርጋሉ፣ እበቱን ከገለባ ጋር ያቦካሉ፣ እየጠፈጠፉ ለፀሐይ ያሰጣሉ። ሲደርቅ ይከምሩታል፤ ገበያ ሲደርስ በአህያ ጭነው ወደ ከተማ ያወጡታል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት እያንዳንዱ ኩበት ላይ የጠፍጣፊዋ ጣቶች ታትመው ደርቀዋል። እማማ ብዬ የምጠራቸው አንዲት ሴት (ስማቸውን የማልጽፈው እሳቸው ስላልፈቀዱ ነው) ከተደባለቀ ክምር መካከል የራሳቸውንና የጎረቤታቸውን ኩበት በጣቱ አሻራ ይለያሉ። «የእሷ አውራ ጣት ወደ ውጭ ይሸሻል» ይሉኛል።

ሁለት ዓመት ያህል ተመላለስኩባቸው። ከዚያ አንድ የረድኤት ድርጅት ፎቶዎቹን አይቶ ሦስቱን ገዛኝ። ከሠርግ ፎቶ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘሁት ገንዘብ ስለነበር ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ወረቀት አልተፈራረምንም፤ ፋይሉን ሰጠሁ፣ ብሩን ተቀበልኩ፣ አለቀ። በዓመቱ እማማ ጋ ስሄድ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ያመጣው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ መደብ ላይ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። ልጁ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ እናቱን አግኝቷቸዋል። እጃቸው እስከ ክንዳቸው እበት፣ ቀሚሳቸው የተቀደደው የሥራ ቀሚስ፣ ከሥሩ ደግሞ «ለልጆቿ የምታበላው ያጣች እናት» የሚል ጽሑፍ። እሳቸው በዚያ ኩበት ሁለት ልጅ ኮሌጅ አስገብተው አስመርቀዋል።

አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ቡናውን ቀድተው ካቀበሉኝ በኋላ «አንቺ ልጅ፣ ለምኜ የማላውቀውን ሴት አስለመንሽኝ» አሉኝ።

ድርጅቱ ዘንድ ሄጄ ስጠይቅ ለበጎ ዓላማ ነው ተባልኩ፤ ቀን መቁጠሪያውም ታድሎ አልቋል። ተናደድኩ፣ ነገር ግን በመንገድ ላይ ቆም ብዬ ሳስበው ጥፋቱ ግማሽ ብቻ ነው የእነሱ። ፎቶውን ያለ መግለጫ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ባዶ ቦታ ትቼላቸው የፈለጉትን ጻፉበት። ውል ያልጠየቅሁትም እኔ ነኝ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እማማ ያ ፎቶ የት የት ሊደርስ እንደሚችል አልነገርኳቸውም ነበር። ሁለት ዓመት ቡናቸውን ስጠጣ ፎቶው የእኔ ብቻ መስሎኝ ኖሯል።

የፎቶውን ዋጋ ልሰጣቸው ብል እንቢ አሉ። ብዙ ለምኜ «እንግዲያ ማኅበር ተራዬ ደርሷል፣ ጌሾ ግዥልኝ» አሉ። ጌሾውን ይዤ ስሄድ ሌላ ነገር አሉኝ። «ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ ልብሴን እለውጥ አልነበር? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፤ ለፎቶ ያልሆነስ?» አሁኑኑ ይለብሱና ላንሳዎት አልኳቸው። ነጭ ቀሚሳቸውን ለበሱ፣ ነጠላውን አጣፉ፣ ተሞሸሩ ማለት ይቻላል። እኔ በልቤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወይም አበባ ያለው መጋረጃ ፊት የሚቆሙ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በርጩማቸውን አንስተው ሄደው ኩበቱ ክምር ሥር ተቀመጡ። «ልጆቼን ያስተማረልኝ ይኸው አይደል?»

ያ ፎቶ በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ነጩ ቀሚስ፣ ከኋላው ያ ሁሉ ጥቁር ኩበት፣ በኩበቱ ላይ የእሳቸው ጣት በመቶ ቦታ ታትሞ። ሁለት ዓመት ስዞረው ያላየሁትን ነገር እሳቸው በአንድ ቃል አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣሁ፤ ማንንም ሳነሳ ሁለት ፎቶ ነው። አንዱ የእኔ ነው፤ ብርሃኑንም ቅጽበቱንም እኔ እመርጣለሁ። ሁለተኛው የተነሺዎቹ ነው፤ የት እንደሚቆሙ፣ ምን እንደሚለብሱ፣ ከማን ጋር እንደሚነሱ እነሱ ይወስናሉ፣ እኔ የጋሼን ሥራ ብቻ እሠራለሁ። ሞረትና ጅሩ ውስጥ፣ እነዋሪ አጠገብ፣ ክረምት ላይ ሴቶች ውኃ የጠገበውን መረሬ አፈር በእጃቸው እየዛቁ ውኃው የሚንጠፈጠፍበት ቦይና ስንዴው የሚበቅልበት መደብ ሲያወጡ አንስቻለሁ። ጭቃው እግራቸው ላይ ተደራርቦ ጫማ ያህላል። የእኔ ፎቶ ያ ነው። አንዷ ሴት የመረጠችው ግን ከበሬዎቿ መካከል ቆማ፣ ሞፈሩን ራሷ ይዛ ነበር። ባሏ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ ፎቶውም ላይ አትስቅም። መንዝ ውስጥ ሱፍ የሚፈትሉ አሮጊት በበኩላቸው ራሳቸው በፈተሉት ባና ተጠቅልለው፣ ዐይናቸው ብቻ እየታየ ተነሱ። ለምን ብላቸው «ሥራዬ ይታይ፤ ፊቴንማ ሁሉም ያውቀዋል» አሉኝ።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን አይወዱትም። ሰው ተዘጋጅቶ ከተነሳ እውነቱ ጠፋ ይላሉ። እኔ ደግሞ ሰው እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ማወቅም እውነት ነው እላለሁ። ክርክሩ አላለቀም፣ ቢራ ሲጠጡ እንደገና ያነሱብኛል።

ሰው እንዴት እሺ ይላል ለሚሉት ከሕጉ ልጀምር፤ ብዙ ፎቶ አንሺ ሳያውቀው ይሠራልና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ሰውየው የታወቀ ከሆነ፣ የመንግሥት ሥራ ላይ ከሆነ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተፈጸመ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ እንደማያስፈልግ ያስቀምጣል። ስለዚህ የጥምቀትን ሕዝብ ማንሳት አንድ ነገር ነው፣ የአንዲትን እናት ማጀት ማንሳት ሌላ ነገር ነው። ማጀት ስል ሴት መሆኔ እንደጠቀመኝ አልደብቅም፤ ወንዶቹ ባልደረቦቼ ደጅ ቆመው በር በር ያያሉ፣ እኔ ምድጃ ዳር እቀመጣለሁ።

ሕጉ ግን ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ አያስተምርም። ገጠር ሰው እንግዳን አክብሮ እሺ ማለት ልማዱ ነው፤ ያ እሺታ ፈቃድ አይደለም። በሌላ በኩል ወረቀት አውጥታችሁ በጣትዎ ይፈርሙ ብትሉ የመሬት ወይም የግብር ነገር መስሎ ይደነግጣሉ። እኔ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ቀድሞ የታተመ ፎቶ ይዤ እሄድና «የእርስዎም እንዲህ ሆኖ አዲስ አበባ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል፣ ውጭ አገርም ሊሄድ ይችላል» እላለሁ። ከዚያ «ልጅዎ ቢያየውስ? አማችዎ ቢያዩትስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የአማች ነገር ሲነሳ እውነተኛው መልስ ይወጣል። እሺ ያሉኝን በስልኬ ድምፃቸውን እቀዳለሁ፤ ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ምን እንደፈቀዱና ምን እንዳልፈቀዱ ራሳቸው ይናገራሉ። ልጆችን ያለ ወላጅ አላነሳም። ከረሜላ ይዞ የሚዞር ፎቶ አንሺ ካያችሁ ከእሱ ጋር አትሂዱ።

መግለጫውን ማታውኑ ጻፉት፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሲያደርግ፣ ምን አለ። በማግሥቱ ግማሹ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆቿ ትከሻዋ ላይ የተደፉባትን አንዲት እናት አነሳች፤ ፎቶው በዓለም እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። ስሟን ግን አልጠየቀቻትም። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምሰን መሆኗ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ። ሴትዮዋም ባላነሳችኝ ኖሮ፣ አምስት ሳንቲም አላገኘሁበትም ብላ ማማረሯ ተመዝግቧል። ይህን ሳነብ የእማማን ቡና አስታወስኩ። ከእኛም ቢሆን ሩቅ አይደለም፤ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ፊልም ዓለምን አስለቅሶ እርዳታ አስመጥቷል፣ ነፍስም አድኗል። ኮረም ደግሞ በእኛ ከተማ መሐል በሚያልፈው በዚሁ በሰሜን መንገድ ላይ ነው። ያ ሥራ መሠራት ነበረበት፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ከዚያ በኋላ ግን የእኛን ሰው ሊያነሳ የመጣ ሁሉ ያንኑ ፊት መፈለጉ የሚያናድደኝ ነገር ነው።

ውል አንድ ገጽ ይበቃል። ፎቶው የት፣ ለምን ጉዳይ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚውል፣ መግለጫው ያለ እኔ ፈቃድ እንደማይለወጥ፣ ለሌላ ወገን እንደማይተላለፍ እጽፋለሁ። በዚህ የተነሳ ሁለት ደንበኛ አጥቻለሁ፤ ይሁን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ጥበቃ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። በስብስብ ያልተካተተ ወይም በመጽሐፍ ያልታተመ ፎቶ ጥበቃ እንዲያገኝ የሠራው ሰው ስምና አድራሻ ሊኖርበት ይገባል። ስለዚህ ከማንኛውም ህትመት ጀርባ ስምና አድራሻ ጻፉ። እኔ ከፎቶ ቤት ጀምሮ ስለለመድኩት አልከበደኝም።

ያበላል ወይ? ብቻውን አያበላም። የእኔ ዓመት እንዲህ ነው። ጥር ሙሉውን ሠርግ ነው፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል፣ ከፋሲካ በኋላ ግንቦት እንደገና ሠርግ ነው፣ ሰኔና ሐምሌ ምርቃት አለ። በእነዚህ ወራት የቤት ኪራይና የልጄን ትምህርት ቤት እሸፍናለሁ። ክረምቱና የጥቅምት የኅዳር አጨዳ የራሴ ነው፤ ያን ጊዜ ገጠር እገባለሁ። የሠርግ ፎቶ አንሺ ነሽ ብለው የሚንቁ አሉ። የሙሽራዋ እናት መቼ እንደምታለቅስ ቀድሞ የሚያውቅ፣ በጠባብ ድንኳን በአንድ አምፖል ብርሃን ስምንት ሰዓት ቆሞ የሚሠራ ሰው ከማንም አያንስም። እኔ ሰውን የማንበብ ግማሹን ትምህርት ከሠርግ ነው ያገኘሁት።

ስለ ብርድና ጭስ ትንሽ ልበል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ የመንዝ ጓሳ ከ3,000 ያልፋል። በዚያ ብርድ ባትሪ ቶሎ ይወድቃል፤ መለዋወጫውን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ብብት ሥር ያዙት። ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ሌንሱን ላብ ያጠምቀዋል፣ ብትወለውሉትም ተመልሶ ይመጣል። መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ካሜራዬን ከነቦርሳው በሩ ሥር አስቀምጬ ቡና እጠጣለሁ። በአቦል አልነካውም። በቶና ቦርሳውን እከፍታለሁ። በረካ ሲደርስ ሌንሱም ጠርቷል፣ ቤተሰቡም ረስቶኛል። ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ጭሱን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል። ከበሩ የሚገባው ብርሃን በጎን እንዲያርፍባቸው ተቀመጡ፣ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ድረስ ከፍ አድርጉ፣ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ። ምስሉ ትንሽ ቢሻክርም ቤቱ ቤት ይመስላል።

ትልቁ ኪሳራዬ ጣርማ በር ላይ ደረሰ። ከደብረ ሲና ስመለስ፣ ጣሊያን የሠራው ዋሻ አጠገብ መኪናው ተበላሽቶ በጉም ውስጥ ዕቃ ስናወርድ ቦርሳዬ ወደቀ። በውስጡ የነበረው ሃርድ ዲስክ የሁለት ዓመት የመንዝ ሥራዬን ይዞ ሞተ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። አንድ ሳምንት ሰው አላነጋገርኩም። በኋላ ትዝ ያለኝ ያ ሁለተኛው ፎቶ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት አትሜ ሰጥቻለሁ፤ ብዙ ጊዜም የእኔን ምርጫ ጨምሬ። ተመልሼ መሐል ሜዳና ዙሪያውን ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዱ ምሰሶ ላይ ተሰክቶ፣ አንዱ መስታወት ጥግ ተጣብቆ፣ አንዱ ዳዊት ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። እያወረድኩ ከበሩ ብርሃን ላይ እንደገና አነሳኋቸው። የጭስ ቀለም ገብቶባቸዋል፣ የዝንብ ነጥብ አለባቸው፣ አንዷ ላይ ሕፃን ጥርሱን አሳርፎባታል። የመንዝ ሥራዬ ብዬ የማሳየው አሁን እነዚያን ነው። እናንተ ግን ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ይቀመጥ። የእኔ እህቴ ዘንድ ናዝሬት ነው።

በኋላ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች ደብረ ብርሃን መጠለያ ሲገቡ እኔም ካሜራዬን ይዤ ሄድኩ። ምን እንደማነሳ አላወቅሁም ነበር። ሌሎች የምግብ ሰልፍ ላይ የቆሙ ሕፃናትን ያነሳሉ። አንዲት ሴት ወደ እኔ መጥታ «ጉርድ ታነሻለሽ?» አለችኝ። መታወቂያዋ ከቤቷ ጋር ተቃጥሏል፤ ለምዝገባውም ለባንክ ደብተሩም ፎቶ አምጪ ተብላለች። ነጭ አንሶላ ከድንኳኑ ሸራ ላይ ሰቀልኩና አነሳኋት። ዘወር ስል ሰልፍ ተሠርቷል። አንድ ባልደረባዬ በአጠገቤ ሲያልፍ «ጉርድ ልታነሺ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ጉርድ ሳነሳ ዋልኩ፤ ማታ ማታ አትሜ እየቆረጥኩ በፖስታ ከተትኩ። አንዲት እናት የስድስት ወር ልጇን አስነሳች፣ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው ብላት «ለማንም፣ ለእኔ» አለች፤ የታላላቆቹ ፎቶ አብሮ ተቃጥሏል። ከእነዚያ ጉርዶች አንዱንም አላሳተምኩም፣ አላሳይምም። ብዙዎቹ ፊታቸው እንዳይታወቅ የሚፈሩት ሰው አላቸው።

ሽልማትና ዐውደ ርእይ ይጠቅማል፣ አልጠላውም። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ስትጀምር ከክፍለ ሀገር ለምንሠራም አንድ በር ተከፍቷል። ሙሉጌታ አየነ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የተጎዱ ቤተሰቦችን ኀዘን አንስቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዓለም አቀፉ የወርልድ ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ፎቶ ሽልማት ሲታጭ የሙያው ሰው ሁሉ ኮርቷል። እነዚህን ሰዎች ተመልከቱ፣ ሥራቸውን አጥኑ። ግን ለሽልማት ብላችሁ ገጠር አትግቡ፤ ሰዉ በሁለተኛው ቀን ያውቅባችኋል።

ባለፉት ዓመታት ካሜራ አንግቶ መንገድ መውጣት ራሱ ጥያቄ የሚያስነሳ ሆኗል። ከወረዳው ኮሙኒኬሽን ደብዳቤ ሳልይዝ፣ ለቀበሌውና ለአካባቢው ሽማግሌዎች ሳልነግር አልሄድም፤ አትሂዱ ከተባልኩም እመለሳለሁ። በዚህ ምክንያት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ያልደረሱ ፎቶዎች ተከማችተዋል። አርባ ሦስት ፖስታ ነው፣ በጀርባው ስም፣ ጎጥ፣ የቀረበ ስልክ ተጽፎበታል። ሰው ባገኘሁ ቁጥር ወደዚያ የሚሄድ ካለ እልካለሁ፤ አንዳንዱን ሹፌር፣ አንዳንዱን የገበያ ሴት ያደርስልኛል።

ከእነዚህ አንዱ ፈረሳቸውን ይዘው የተነሱ የጓሳ አካባቢ አዛውንት ነው። ፈረሱ እንዲያምር ብለው ግማሽ ቀን ሲያጥቡት ቆይተው ነበር፤ እኔ ጉሙ እንዳይወርድብኝ ስጣደፍ እሳቸው ጭራውን ያበጥራሉ። ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ደወለች። አባቷ ካረፉ አሥራ አምስት ቀን ሆኗቸዋል፤ መታወቂያቸው አለ፣ ግን ትንሽ ናት አለችኝ። ከዚያ «ያ የፈረሱ ፎቶ ለአርባቸው ይደርስልናል?» ብላ ጠየቀች። አሳድጌ ሠላሳ በአርባ አድርጌዋለሁ፣ በካርቶን መካከል አሽጌዋለሁ። ሐሙስ ወደዚያ መኪና አለ ብለውኛል።